እስክስታው ሲደምቅ ካሜራው ይቁም፦ ሰርግ ለሚቀርጹ የካሜራ እንቅስቃሴ አመራረጥ

ጥር ሲገባ፣ ከዚያም ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት የአዲስ አበባ የቪዲዮ ባለሙያ እረፍት የለውም። በእነዚህ ወራት የሚሠሩ የሰርግ ቪዲዮዎችን ተራ በተራ ያየ ሰው ግን ሌላም እረፍት የሌለው ነገር ያስተውላል፤ ካሜራው ራሱ አያርፍም። ሙሽራዋ ስትኳል ዙሪያዋን ይዞራል፤ ሙሽራው ክራባቱን ሲያስር ይዞራል፤ ኬኩ ገና ሳይቆረጥ ይዞራል፤ አያት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሲመርቁ እንኳ ይዞራቸዋል። ጊምባል (ካሜራን በሞተር የሚያረጋጋ የእጅ መሣሪያ) እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም፤ ያልገዛ ይከራየዋል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይንሳፈፋል፣ የሚንሳፈፈው ሲበዛ ደግሞ የትኛው ቅጽበት ትልቅ፣ የትኛው ትንሽ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ምርጫዎች እነዚህ ናቸው፦ ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አቁሞ መቅረጽ፣ በእጅ መያዝ፣ ጊምባል፣ ስላይደር (ካሜራው የሚንሸራተትበት አጭር ሐዲድ) እና ዶሊ (ካሜራውን የሚያንከባልል ባለ ጎማ መሣሪያ)፣ በቅንብር ጊዜ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም ድሮን። ምሳሌዎቹን ከሰርግ የወሰድሁት ሰርግ ሁሉንም ዓይነት ፈተና በአንድ ቀን ስለሚያመጣ ነው። ጠባብ መኝታ ቤት አለ፣ ሰፊ አዳራሽ አለ፤ እንዲደገም ሊለመን የሚችል ነገር አለ፣ አንዴ ካመለጠ ለዘላለም ያመለጠ ነገርም አለ።

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ከሌንሱ ፊት ያለው ነገር እየተንቀሳቀሰ ነው ወይስ አርፏል የሚለው ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ፊት ካሜራው ይቁም፤ አለዚያ እኩል ይከተለው። ያረፈ ነገር ፊት ሲሆን ግን ካሜራው ለመንቀሳቀስ መብት አለው።

እስክስታን እንውሰድ። የእስክስታ ውበት ያለው በትከሻ፣ በአንገትና በደረት ላይ ነው፤ እንቅስቃሴው ፈጣንና ትንሽ ነው። ዓይናችን ይህን ትንሽ እንቅስቃሴ የሚለካው ካልተንቀሳቀሰ ነገር ጋር እያስተያየ ነው፤ ቪዲዮ ላይ ያ ያልተንቀሳቀሰ ነገር የፍሬሙ (የምስሉ ክልል) ጠርዝና ከጭፈራው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ካሜራው በጨፋሪው ዙሪያ ሲዞር ጠርዙም ግድግዳውም አብረው ይዋኛሉ፣ ዓይን መለኪያ ያጣል፤ ትከሻው የቱንም ያህል ቢወርድ ምስሉ ላይ የደከመ ይመስላል። ጎበዝ ጨፋሪ በመጥፎ ቀረጻ ተራ ሰው ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራውን በደረት ከፍታ አቁመው ከወገብ በላይ ቢቀርጹት ያው ጭፈራ በእጥፍ ይደምቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይደገማል ወይስ አይደገምም የሚለው ነው። ሙሽሮቹ መናፈሻ ውስጥ የሚያደርጉትን የእግር ጉዞ ሦስት ጊዜ እንዲደግሙት መጠየቅ ይቻላል። የወላጆቻቸውን ጉልበት የሚስሙበትን ቅጽበት ግን ማንም አይደግምልዎትም፤ ቢደግሙትም እንባው አይደገምም። ለማይደገም ነገር ከሁሉ ይልቅ የማይከሽፈው አያያዝ ይመረጣል፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ቀላሉ ነው።

ሦስተኛው፦ እንቅስቃሴው ወዴት ይሄዳል? ካሜራ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሲደርስ ተመልካቹ መጀመሪያ ያላየውን ነገር ማግኘት አለበት። ከአበባው ተነሥቶ አበባው ላይ የሚያልቅ ጉዞ የባትሪ ኪሳራ ነው።

ትራይፖድና የቆመ ካሜራ

ትራይፖድ አዝጋሚ ስለሚመስል ይናቃል። እኔ አንድ መሣሪያ ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው እሱን ነው። ረጅሙ ነገር ሁሉ የእሱ ነው፦ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ቃል ኪዳን፣ የሽማግሌዎች ምርቃት፣ የአባት ንግግር። ተክሊል ሲሆን ደግሞ ምርጫው ከእጅዎ ወጥቷል ማለት ነው። ጫማ አውልቀው ገብተው አንድ ጥግ ይሰጥዎታል፤ ካህናቱ እያነበቡ በመካከላቸው መመላለስ ነውር ነው። እዚያ ጥግ ላይ ቆሞ ጥሩ ምስል የሚያመጣ ሰው ረዘም ያለ ሌንስና ጥሩ ትራይፖድ ያለው ነው።

ትራይፖድ ሲባል ግን ዋናው እግሩ ሳይሆን ራሱ፣ ማለትም ካሜራው የሚቀመጥበት የላይኛው ክፍል ነው። ለፎቶ የተሠራው ባለ ኳስ ራስ ካሜራን አጥብቆ ለማቆም እንጂ አለስልሶ ለማዞር አልተሠራም። ለቪዲዮ የሚያስፈልገው ፍሉይድ ሄድ ነው፤ ውስጡ ያለው ወፍራም ቅባት እንቅስቃሴውን ስለሚገታው እጅ ቢንገራገጭም ምስሉ አይንገራገጭም። እግሩ ርካሽ፣ ራሱ ጥሩ የሆነ ትራይፖድ ያሠራል፤ የተገላቢጦሹ አያሠራም።

ፓን፣ ማለትም ካሜራው ባለበት ቆሞ ወደ ጎን ሲዞር፣ በጣም ቀላል የሚመስል በጣም የሚበላሽ እንቅስቃሴ ነው። መነሻው ላይ ቢያንስ አራት ሰከንድ ቆመው ይጠብቁ፤ መድረሻው ላይም እንደዚያው። እነዚህ የቆሙ ሰከንዶች ከሌሉ አቀናባሪው የሚቆርጥበት ቦታ ያጣል። እግርዎን የሚያስተካክሉት ደግሞ ወደ መነሻው ሳይሆን ወደ መድረሻው ነው፤ ከወገብዎ ተጠምዝዘው ይጀምሩና እየተፈቱ ይሂዱ። ተፈትቶ የሚያልቅ ሰውነት ይረጋጋል፣ ተጠምዝዞ የሚያልቅ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። እጀታው ላይ የጸጉር ላስቲክ አስረው ላስቲኩን መሳብም ይረዳል፤ ላስቲኩ የእጅን ግፊት ይውጠዋል። ይህ ዘዴ ሳንቲም አያስወጣም፣ ከብዙ ውድ ዕቃም ይሻላል።

ፍጥነቱስ? ከሲኒማ ባለሙያዎች የወረስነው ልማድ አለ፦ በፍሬሙ በአንዱ ጠርዝ የገባ አንድ የቆመ ነገር በሌላው ጠርዝ እስኪወጣ ሰባት ሰከንድ ያህል ይፍጅ። ከዚያ ሲፈጥን የድንኳን ምሰሶ፣ የአዳራሽ ዓምድና የበር መቃን እየዘለሉ የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ቀጥ ያለ መሥመር የበዛበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ያጋልጣል። ሌላው አማራጭ ምንም ነገር እስከማይለይ ድረስ በአንድ ጊዜ መወርወር ነው፤ ይህ ከአንድ ትዕይንት ወደ ሌላ ለመሻገር ያገለግላል። በሁለቱ መካከል ያለው ፍጥነት ግን የትም አያደርስም። ከዚህ ሕግ ነጻ የሚሆነው የሚከተሉት ነገር ሲኖር ብቻ ነው። የሙሽሮች መኪና በር ላይ ሲደርስ በመኪናው ፍጥነት ልክ ቢዞሩ የተመልካቹ ዓይን መኪናው ላይ ስለሚሆን የጀርባው መዝለል አይታወቀውም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲወጣ የውስጥ ማረጋጊያውን ማጥፋት ይሻላል። ብዙ ካሜራዎች ፓኑን እንደ መንቀጥቀጥ ቆጥረው ሊቃወሙት ይሞክራሉ፤ መጨረሻው ላይ ምስሉ ትንሽ ወደ ኋላ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ዙምን እዚህ የማነሣው ካሜራው ስለማይንቀሳቀስ ነው። ዙም ነገሩን ያጎላል እንጂ አያቀርብም፤ በፊት ባለውና በኋላ ባለው ነገር መካከል ያለው ግንኙነት አይለወጥም። ሰርግ በካሴት ተቀርጾ አሜሪካ ላሉ ዘመዶች በሚላክበት ዘመን ዙም እንደ ዛሬው ጊምባል ነበር፤ ቁልፉ አውራ ጣት ሥር ስለነበረ ብቻ ይጫን ነበር። ያኔ በዝቶ ስለሰለቸ ዛሬ ጨርሶ ተትቷል፤ ይህም ማጋነን ነው። እናት ከሩቅ ቆመው ልጃቸውን ሲያዩ፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊታቸው የሚሄድ ዝግተኛ ዙም ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ ቀርበው አልረበሹዋቸውም፣ አላስደነገጡዋቸውም።

በእጅ

የእጅ ቀረጻ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽራዋ ወገኖች በሩን ዘግተው እየዘፈኑ አናስገባም ሲሉ፣ ውጭ ያሉት ሲገፉ፣ ውስጥ ያሉት ሲመልሱ፣ ካሜራው በመካከል ሆኖ አብሮ ቢገፋ ትክክለኛ ቦታው ነው። ይህን ትዕይንት በጊምባል ያየሁባቸው ቪዲዮዎች ሁሉ አንድ ጉድለት አላቸው፤ ግፊያው ይታያል እንጂ አይሰማም። ልክ በመስታወት በኩል እንደሚታይ የገበያ ግርግር ነው።

በእጅ ሲይዙ ሌንሱ ይወስናል። ሰፊው የ24 ሚሊሜትር ሌንስ ከረጅሙ የ85 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ሲነጻጸር ያንኑ የእጅ መንቀጥቀጥ ወደ ሦስት ተኩል ጊዜ አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ወደ ሰው መቅረብና ሰፊ ሌንስ መጠቀም በሩቅ ቆሞ ከመሳብ ይሻላል። ክርኖችን ከጎድን ጋር ማጣበቅ፣ የአንገት ማንጠልጠያውን እስኪወጠር ወደ ፊት መግፋት፣ ሲራመዱ ጉልበት ማጠፍ፣ ግድግዳ ካለ መደገፍ፤ ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም።

ማረጋጊያዎችን መለየት ግን ያስፈልጋል። በሌንሱ ውስጥ ያለውም ሆነ በካሜራው ውስጥ ሴንሰሩን (ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል) የሚያንቀሳቅሰው ማረጋጊያ ቆሞ ለሚቀርጽ ሰው እጅግ ጥሩ ነው፤ በሰፊ ሌንስ እየተራመዱ ሲቀርጹ ግን ሴንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው የፍሬሙን ጥጎች እንደ ጄሊ ያወዛውዛቸዋል። ኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ ምስሉን ቆርጦ በማስተካከል ስለሚሠራ የዕይታውን ስፋት ይቀንሳል። ከዚህ የባሰው ችግሩ የሚታየው ማታ ነው። አዳራሹ ሲጨልም ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው መዝጊያ) ይዘገያል፤ መንቀጥቀጡም በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው በተሠራበት በእያንዳንዱ ነጠላ ምስል ላይ እንደ ብዥታ ይታተማል። ማረጋጊያው ፍሬሞቹን ቢያስተካክላቸውም ብዥታው አይለቅም፤ ቆሞ ያለ ምስል በየቅጽበቱ የሚደበዝዝ ይሆናል። በኮምፒውተር ላይ በኋላ የሚደረግ ማረጋጋትም ይኸው ጉድለት አለበት። ለጨለማ አዳራሽ ከሶፍትዌር ይልቅ ሞኖፖድ ይመኑ፤ አንድ እግር ብቻ ስለሆነ በጠረጴዛዎች መካከል ያስኬዳል፣ ክንድንም ያሳርፋል።

ጊምባል

እስካሁን የተቸሁት አጠቃቀሙን እንጂ መሣሪያውን አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን ስቴዲካም የተባለውን፣ ካሜራን በክብደት ሚዛንና ሰውነት ላይ በሚታሰር ባለ ሞላ (ስፕሪንግ) ክንድ የሚያረጋጋ መሣሪያ ሲፈጥር፣ ሐዲድ ሳይዘረጉ፣ ምስሉም ሳይንቀጠቀጥ ደረጃ መውጣትና በጠባብ ኮሪደር መሄድ ተቻለ። ያን መሣሪያ ለመልበስ ግን ብርቱ ወገብና ብዙ ልምምድ ያስፈልግ ነበር። የዛሬው ጊምባል የሚዛኑን ሥራ ለሦስት ሞተሮች ሰጥቶታል፤ አንዱ ወደ ጎን መዞርን፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ማቀርቀርን፣ ሦስተኛው ወደ ጎን ማዘንበልን ይቆጣጠራል።

ሞተሮቹ ሦስት ብቻ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ስንራመድ መላ ሰውነታችን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህን የሚያስተካክል ሞተር የለም። ጊምባል ገዝተው ምስሉ አሁንም እንደ በቅሎ ግልቢያ ከፍ ዝቅ ይላል ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው። ጉልበትን አጥፎ፣ ከተረከዝ ወደ ጣት እየረገጡ፣ አጫጭር እርምጃ መሄድ ይለመዳል። ሰፊ ሌንስ እዚህም ይረዳል፤ በ24 ወይም በ35 ሚሊሜትር መሥራት ይመከራል። የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ እስከ f/1.4 ከፍተው እየተራመዱ ፎከሱ ይከተለኛል ብለው አይጠብቁ፤ ከ2.8 እስከ 4 ያለው ያስተማምናል።

ጊምባል ያለ ተወዳዳሪ የሚያገለግለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከሰው ጋር አብሮ ለመሄድ። ሙሽሮቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ከኋላቸው ሆኖ በትከሻቸው መካከል የሕዝቡን መነሣት እያዩ መግባት፣ ወይም ፊት ለፊታቸው ወደ ኋላ እየሄዱ ፊታቸውን ማየት። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ግን ዓይን የለውም። ቀበቶዎን ከኋላ ይዞ የሚመራዎት ረዳት ይኑር፤ ምንጣፍ ጠርዝ፣ የድምፅ ማጉያ ገመድና ሕፃናት ሦስቱም የሚገኙት ሙሽሮች የሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው። ከኋላ መከተል ወይስ ፊት ለፊት መሄድ የሚለው ደግሞ የቴክኒክ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ከኋላ ሲሆኑ ተመልካቹ ሙሽሮቹ የሚያዩትን ያያል፤ ከፊት ሲሆኑ የሚሰማቸውን ያያል። አንድ ካሜራ ብቻ ካለዎት ከፊት ይሁኑ።

በቀኑ ግርግር ውስጥ የሚረሳው የጊምባል ዋጋ ደግሞ ጊዜ ነው። ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ሚዛኑ እንደገና ይስተካከላል፤ ይህን የሚያደርጉት አማት ሽቶ እየረጩ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ካሜራና ሌንስ ተደምረው ሁለት ሦስት ኪሎ ሲሞሉ ክንድ ከሰዓት በኋላ ይዝላል፤ የዛለ ክንድ ደግሞ ከፍታውን ዝቅ እያደረገ ሁሉንም ሰው ከደረት ጀምሮ ይቀርጻል። ሁለት ካሜራ ካለ አንዱን ለጊምባል ብቻ በአንድ ሌንስ አስረው ይተዉት።

በዙሪያ መዞርን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። በአንድ የሰርግ ቪዲዮ ውስጥ አንድ ጊዜ ይፈቀዳል፣ እሱም ሙሽሮቹ ቆመው እርስ በርስ ሲተያዩ ነው፤ ያረፉ ናቸውና። ቀለበት ሲደረግ፣ ኬክ ሲቆረጥ፣ ጭፈራ ሲደራ አይሁን። እጅና ቢላዋ ሲንቀሳቀሱ ዓይን እነሱን ይፈልጋል፤ ዞሮ ዞሮ ደግሞ ካሜራው ወሳኙ ሰከንድ ላይ የሙሽራው ጀርባ ላይ ይደርሳል።

ስላይደርና ዶሊ

ያረፈ ነገር ሕይወት የሚዘራበት እዚህ ነው። ካሜራ በሐዲድ ላይ ወደ ጎን ሲሄድ ቅርብ ያለው ነገር ቶሎ ያልፋል፣ ሩቅ ያለው ቀስ ይላል፤ ዓይን ጥልቀትን የሚያውቀው በዚህ ልዩነት ነው። ስለዚህ ስላይደር ያለ ቅርብ ነገር ዋጋ የለውም። የሙሽራዋን ካባ በስላይደር ሲቀርጹ ከሌንሱ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ የአበባ ቅርንጫፍ ወይም የጠርሙስ አንገት ያስቀምጡ፤ 60 ሴንቲሜትር የማይሞላ ሐዲድ የአዳራሽ ያህል ርዝመት ያለው ይመስላል። ባዶ ግድግዳ ፊት ግን የሁለት ሜትር ሐዲድም ምንም አያሳይም።

ለስላይደር የሚሆኑት ቀለበት፣ ጫማ፣ የቀሚስ ጥልፍ፣ የተደረደሩ ሲኒዎች ናቸው። ቡና ሲቀዳ ግን ያቁሙት፤ ከጀበናው የሚወርደው ቀጭን መሥመር ራሱ እንቅስቃሴ ነው።

ወደ ፊት መግፋት ከዙም የሚለየውም በዚሁ ጥልቀት ነው። ካሜራው በእውነት ሲጠጋ ከሰውየው ጀርባ ያለው ዓለም ይለወጣል፣ ተመልካቹ ራሱ የተጠጋ ይመስለዋል። ለውሳኔና ለስሜት ቅጽበት መግፋት፣ ከሩቅ ሆኖ ለመመልከት ዙም፤ እኔ እንዲህ እለያቸዋለሁ።

ዶሊ መግዛት ግን ለሰርግ ሥራ ትርፍ ወጪ ነው። የሚንከባለል ነገር ሁሉ ዶሊ ነው። በ1896 የሲኒማ ፈር ቀዳጆቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች ቀራጭ አሌክሳንደር ፕሮሚዮ ቬኒስ ውስጥ ካሜራውን ጎንዶላ ላይ አስቀምጦ ቦዩን ሲቀርጽ ሐዲድ አልነበረውም፤ ጀልባዋ ትሄድ ነበር፣ እሱ ቆሞ ቀረጸ። ባሕር ዳር የሚሠራ ሰው ጣና ላይ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ለስላሳ ወለል ባለው አዳራሽ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በረዳት መገፋት ከብዙ ጊምባል የተሻለ ምስል ያመጣል፤ ከፍ ዝቅ የሚል እርምጃ የለበትም። ባጃጅ ግን ኮብልስቶን ላይ አይሞከርም። ምንም ከሌለ ትራይፖዱን በሁለት እግሩ ብቻ አቁመው ቀስ ብለው ወደ ፊት ማዘንበልም አለ፤ ሁለት ስንዝር ያህል መግፋት ይሰጣል፣ ለአንድ ምስል ይበቃል።

በቅንብር ጊዜ

ይህን ምርጫ ብዙ ሰው ስለማይቆጥረው ሳይጠቀምበት ይቀራል። ካሜራዎ በ4ኬ ከቀረጸ የምስሉ ስፋት 3840 ፒክሰል ነው፤ የመጨረሻው ቪዲዮ 1920 ከሆነ እስከ ሁለት እጥፍ ድረስ ጥራት ሳይቀንስ ማቅረብ ይቻላል። የአባትን ምርቃት በቆመ ካሜራ ሰፋ አድርገው ይቅረጹት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ድምፃቸው መሰበር ሲጀምር ቀስ ብለው ይጠጉ። ቅጽበቱን አስቀድመው መገመት አይጠበቅብዎትም፣ ስሕተት ቢሆን ይመለሳል። ጥልቀት ግን አይፈጥርም፤ እንደ ዙም ነው። በተጨማሪም ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከሆነ የማሽን ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሲጀምርም ሲያልቅም እንዲለዝብ ያድርጉት።

ሲያቀናብሩ እንቅስቃሴዎችን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አቅጣጫቸውን ይመልከቱ። ወደ ቀኝ የሚሄድ ፓን ወዲያው ወደ ግራ በሚሄድ ሲተካ ተመልካቹ የተንገጫገጨ ይመስለዋል። ወይ አቅጣጫቸው አንድ ይሁን፣ ወይም በመካከል የቆመ ምስል ይግባ።

ለስልክ ተብሎ በቁመት የሚዘጋጅ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። ፍሬሙ ጠባብ ስለሆነ በአግድም ጥሩ የነበረ ፓን በቁመት ሲቆረጥ ነገሮች ገብተው ለመውጣት ትንሽ ጊዜ ብቻ ያገኛሉ፤ የፈጠነና የሚዘል ይመስላል። ለቁመት የሚስማማው ከቀሚሱ ጥልፍ ወደ ሙሽራዋ ፊት የሚወጣ ቲልት (ካሜራው ባለበት ቆሞ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲያይ) ወይም ካሜራውን ወደ ፊት መግፋት ነው። ቲክቶክ ላይ የሚወጣው ቁራጭ ከዋናው ቪዲዮ ተቆርጦ እንዲወጣ ከታሰበ ይህ በቀረጻው ቀን መታወቅ አለበት።

ድሮን

በአጭሩ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ መንግሥት ፈቃድ ድሮን ማስገባትም ማብረርም ጣጣ አለው። ከውጭ ለዘመድ ሰርግ ሲመጡ ሻንጣ ውስጥ ከተው ከሆነ ጉምሩክ ላይ ሊቀር እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ መቅጠር ይሻላል። እንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፎቹ በርትተው መሽከርከር አለባቸው፣ ባትሪውም ቆላ ላይ ከሚቆየው ያነሰ ይቆያል። ድምፁ ምርቃትና ዝማሬ ያበላሻል። ከአንድ ሰርግ ሁለት ምስል ይበቃል፤ አንዱ የቦታውን አቀማመጥ የሚያሳይ፣ ሌላው የመኪናውን አጀብ የሚከተል። ሦስተኛውን ከጎረቤት ፎቅ ሰገነት ላይ በትራይፖድ ያግኙት፤ ባለቤቱን ካስፈቀዱ ሌላ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ለሁሉም የሚያስፈልግ አንድ ማስተካከያ

አሜሪካ የተገዛ ካሜራ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ወይም 60 ፍሬም ላይ ተስተካክሎ ይመጣል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ሞገድ 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካው 60 ነው። ሸተሩ 1/60 ሰከንድ ላይ ሆኖ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ሲቀረጽ አንዳንድ መብራቶች ይርገበገባሉ፣ ምስሉ ላይም ጥላ የመሰለ መሥመር ይንሸራተታል። ወደ 25 ፍሬምና 1/50 ይቀይሩት። ይህ ለእንቅስቃሴም ይጠቅማል፤ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ የሚኖረው መጠነኛ ብዥታ ነው ፓንና እርምጃን ለዓይን የሚያለሰልሰው። ቀን ውጭ ሲወጡ ብርሃኑ ስለሚበዛ ሸተሩን ወደ 1/1000 ከማፍጠን ይልቅ ሌንሱ ላይ የኤንዲ ማጣሪያ (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ይግጠሙ፤ አለዚያ ለስላሳው የጊምባል ጉዞ እንኳ የተቆራረጠ ይመስላል። ጭፈራውን በዝግታ ማሳየት ከፈለጉ በ50 ፍሬምና በ1/100 ቀርጸው በ25 ያጫውቱት፤ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። እስክስታን ግን ብዙ አያዘግዩት፤ ውበቱ ፍጥነቱ ውስጥ ነውና።

ገንዘብ ሲያንስ

ከባዶ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ጥሩ ፍሉይድ ሄድ ይግዛ፤ ካሜራው ሦስት ጊዜ ሲቀየር እሱ ያው ይቆያል። ቀጥሎ ማረጋጊያ ያለው ሰፊ ሌንስ፣ ከዚያ ሞኖፖድ፣ ከዚያ አጭር ስላይደር። ጊምባሉን ሥራ በተገኘ ቀን ይከራዩት። ኪራዩን ለደንበኛው በዋጋው ላይ ለብቻው ጽፈው ያሳዩ፤ ደንበኛው የሚፈልገው የአዳራሹን መግቢያ ብቻ ከሆነ ለግማሽ ቀን ይበቃል። ከኪራይ ሲቀበሉ ሦስቱን ሞተሮች አብርተው ይሞክሩ፣ ባትሪው ሙሉ መሆኑንና ካሜራዎ የሚቀመጥበት ሳህን አብሮ መምጣቱን ያረጋግጡ። ያ ትንሽ ሳህን ከሌለ ካሜራው ጊምባሉ ላይ አይወጣም፤ ሰርጉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ስለሆነ የሚተካ ሱቅ አያገኙም።